መሃሉ ላይ ያለው ማሳ

አባቴ ወይን ጠጅ አይቀምስም። ዕድሜውን ሙሉ ጤፍ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። አቃቂ መጋዘን ነበረው፤ ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ ያለውን የአዳ አውድማ በእግሩ ዞሮ ያውቀዋል። አሁን ጉልበቱ ስለደከመ እኔ ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። እኔ ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነኝ፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ የወይን ጠጁን ክፍል የምይዘው እኔ ነኝ። ቡርጎኝ ስለሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር ያነበብኩትንና በሥልጠና የሰማሁትን ሁሉ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። እንደ አባቴ የገባው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ጠርሙስ ነው። እንግዶች አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ዠቭሬ ሻምበርታን የሚባል የቡርጎኝ ቀይ ወይን አስተርፈው ሄዱ፤ ኃላፊያችንም ቅመሱትና እወቁት አለን። መልኩ ስስ ነው፣ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ ጣታችሁን ከጀርባው ብታደርጉ ይታያችኋል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጉደር የለመደ ስለሆነ «ይሄማ ቀጠነ» ብሎ አስቀመጠው። እኔ ግን አፌ ውስጥ አቆየሁት። መጀመሪያ እንጆሪ የመሰለ ነገር መጣ፤ ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ ሌላ ሽታ ከጉሮሮዬ ተመልሶ ወጣ፣ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲመታው የሚነሳው ዓይነት። ባዶውን ብርጭቆ ሳላጥበው ሰዓቴ እስኪያልቅ ድረስ እየተመላለስኩ አሸተትኩት።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ አልተኛም ነበር። በመብራት ቢል ጀርባ ላይ ካርታውን ሣልኩለት። ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ አንድ ረጅም ተዳፋት ይወርዳል። ሰሜናዊው ግማሽ ኮት ደ ኑዊ ይባላል፣ ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላዩ ድንጋይና ጫካ፣ ግርጌው አውራ ጎዳና፣ ከጎዳናው ማዶ ሜዳ። የወይኑ መሬት በነዚህ መካከል የተዘረጋ ጠባብ መቀነት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ጋ እንደሆነ ልነግረው ስል እሱ ቀደመኝ። ጣቱን ከተዳፋቱ መሃል ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ነው አይደል?»

«በምን አወቅክ አባዬ?»

«ላይኛው አፈር የለውም። ታችኛው ውሃ ይተኛበታል። ሌላ የት ይሆናል?»

እኔ ይህን ለመረዳት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ፈጅቶብኛል።

የዚያ መሬት አለት የኖራ ድንጋይ ነው። ጥንት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ አገሩ በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የባሕር እንስሳት ቅርፊት እየተጠራቀመ የሠራው ድንጋይ ነው። ከላይ አፈሩ ስስ ነው፤ መሃል ላይ ድንጋዩና ሸክላው በልኩ ይደባለቃሉ፤ ታች ሸክላው ይወፍራል፣ ውሃ ይይዛል። መሃል ላይ ያለ ወይን ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ ስለሚያመልጥበት ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰዳል፤ ፍሬው አያብጥም፣ ጣዕሙ ይጠራቀማል። ተዳፋቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የጠዋቱን ፀሐይ ያገኛል፤ ከምዕራብ የሚመጣውን ነፋስና ዝናብ ደግሞ ኮረብታው ይከልልለታል። ከፍታው ከባሕር ወለል ከ250 እስከ 300 ሜትር ነው። በኛ አቆጣጠር ድብን ያለ ቆላ ነው፤ እዚያ ግን ክረምቱ በረዶ ያጋግራል፣ ሚያዝያ ላይ የሚመጣ ውርጭም ለጋውን እንቡጥ ያቃጥላል። ፈረንሳዮች ይህን ሁሉ፣ አፈሩንም ቁልቁለቱንም አየሩንም፣ አንድ ላይ ቴሯር ይሉታል። አባቴ «መሬት አመል አለው» ይላል። የኔ ምርጫ የአባቴ ነው።

አመሉን ለይተው የጻፉት መነኮሳት ናቸው። የሲቶ ገዳም የተመሠረተው በ1098 ነው (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፤ ሌሎቹም እንዲሁ)። በእጃቸው ሠርተው መብላትን ሕግ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ቩዦ በሚባል ቦታ መሬት በስጦታ ተሰጣቸው፤ ወይን ተከሉበት፣ እየገዙም እያስፋፉም ሄዱና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዙሪያውን በድንጋይ አጠሩት። ክሎ ደ ቩዦ ይባላል፤ ስፋቱ 50 ሄክታር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ጋሻ ትንሽ በለጥ ይላል። አጥሩ ዛሬም ቆሟል። ገዳማውያኑ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቀባበሉ የየትኛው ማሳ ወይን ቶሎ እንደሚበስል፣ የየትኛው ብዙ ዓመት ተቀምጦ እንደሚያምር አጠኑ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ዘቢቡን የሚያዘጋጁት ዲያቆናት እንዴት እንደሚጠነቀቁ ያየ ሰው፣ ለመሥዋዕት የሚሆን ወይን በመነኩሴ እጅ እንዴት እንደሚያዝ መገመት አያቅተውም።

ስለ ዘሩ ስነግረው አባቴ ተቀምጦ የነበረው ተነስቶ ቆመ። የቡርጎኝ ቀይ ወይን ከአንድ ዘር ነው የሚሠራው፣ ፒኖ ኗር ይባላል። ቆዳው ስስ ነው፣ ምርቱ ጥቂት ነው፣ ለበሽታም ለውርጭም ቅርብ ነው። ጎኑ ደግሞ ጋሜ የሚባል ሌላ ዘር አለ፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ይሰጣል። ገበሬው ወደ ጋሜ ሲያደላ ጊዜ፣ ደፋሩ ፊሊፕ የተባለው የቡርጎኝ መስፍን በ1395 አዋጅ አስነግሮ ጋሜን ንቀሉ አለ። በአዋጁ ላይ ተክሉን እንደ ሰው ከዳተኛ ብሎ ሰድቦታል።

አባቴ ይህን ሲሰማ ስለ ማኛ ጀመረ። ማኛ ጤፍ ነጭ ነው፣ ገበያ ላይ ከሁሉ ይወደዳል፤ ገበሬው ግን ከማሳው ጥቂት ነው የሚያፍሰው። መስፍን መጥቶ ባይከለክለውም ልቡ ብዙ ወደሚሰጠው ቢሄድ አይፈረድበትም። የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ሰዎች በ2006 ቁንጮ የተባለውን ዘር ያወጡት ለዚህ ነው፤ አንደኛው ወላጁ ያው ማኛ ነው፣ ምርታማነቱን ከሌላኛው ወስዷል። «ቁንጮ የማኛ ልጅ ነው፣ አልከዳም» አለኝ። ስለ ጋሜ ሲነሳ ግን ከመስፍኑ ጋር ነው።

ከማሳዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ሮማኔ ኮንቲ ነው። 1.8 ሄክታር፣ ሰባት ጥማድ ገደማ። ስሙን ያገኘው በ1760 ከገዛው ከኮንቲ ልዑል ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚመጥ ተባይ ከአሜሪካ መጥቶ የፈረንሳይን ወይን ሲፈጀው፣ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚችል የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መቀጠል ነበር። የሮማኔ ኮንቲ ባለቤቶች ግን አሮጌውን ተክል በመድኃኒት እየደገፉ ብዙ ዓመት አቆዩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አቃታቸው። በ1945 ከማሳው የተገኘው 600 ያህል ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ነቅለው እንደገና ተከሉት። እስከ 1952 ድረስ በስሙ አንድ ጠርሙስ አልወጣም። ከነዚያ ከ1945ቱ ጠርሙሶች አንዱ በ2018 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 558,000 ዶላር ተሸጧል።

ገንዘቡን ስነግረው አባቴ ዝም አለ። የገረመው ሌላው ነው። «ይህን የመሰለ መሬት ስድስት ዓመት ያለ ምርት?» አለ። «ሌላ ወይን ከጎረቤት አምጥተው በስሙ አልሸጡም?»

አልሸጡም። ለምን እንደጠየቀኝ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ፣ አንድ ለብዙ ዓመት የሚያምነው ነጋዴ «የአዳ ማኛ ነው» ብሎ ሃያ ኩንታል አስረከበው። አባቴ የጆንያውን አፍ ፈትቶ እፍኝ አወጣ፣ እፍ ብሎ እብቁን አራቀ፣ መዳፉ ላይ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ላይ ላዩ ማኛ ነበር። ክንዱን እስከ ክርኑ ከቶ ከሆዱ ሲያወጣ ሰርገኛ ሆኖ ተገኘ፣ አሸዋም አለበት። ከሃያው ጆንያ አሥራ አራቱ እንዲያ ነበሩ። ደንበኞቹን ጠርቶ ነገራቸውና በሰርገኛ ዋጋ ሸጠው። በዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ጫማዬ አልተቀየረም። እሱን ያመመው ግን ኪሳራው አልነበረም፤ «አዳ የሚለውን ስም ሌባ አደረገው» እያለ ነበር የሚቆጨው።

ቡርጎኝም በዚህ በሽታ ታማለች። ከደቡብ ፈረንሳይና ከአልጄሪያ በመጣ ወፍራም ወይን የተደባለቀ ነገር በታዋቂ መንደሮች ስም ይሸጥ ነበር። ሕግ የወጣው በ1935 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የማሳውን ስም ጠርሙስ ላይ ለመጻፍ ወይኑ ከዚያው ማሳ፣ ከተፈቀደው ዘር፣ ከተወሰነው ምርት ሳያልፍ መገኘት አለበት። በቡርጎኝ ማዕረጉ የመሬቱ ነው። ቦርዶ በሚባለው ሌላው የፈረንሳይ የወይን አገር የ1855ቱ ደረጃ ለወይን ቤቶቹ የተሰጠ ነው፤ እዚህ ግን ግራን ክሩ፣ ማለትም የላይኛው ማዕረግ፣ የሚባለው ማሳው ራሱ ነው፣ በመላው ቡርጎኝ 33 ብቻ ናቸው። መንደሮቹም የማሳቸውን ክብር አውቀው ስሙን እንደ አባት ስም ከራሳቸው ስም ኋላ ቀጠሉት። ዠቭሬ በ1847 ሻምበርታን የሚለውን ማሳ ስም ጨምሮ ዠቭሬ ሻምበርታን ሆነ። እነ ቮን ሮማኔም እንዲሁ።

ክሎ ደ ቩዦን የፈረንሳይ አብዮት ከመነኮሳቱ ወሰደው። በ1791 ተሸጠ፤ በ1889 ለ15 ገዢዎች ተከፈለ፣ ከዚያ በውርስ እየተቆራረሰ ዛሬ በዚያው በአንድ አጥር ውስጥ 80 ያህል ባለቤት አለ። ላይኛው ጫፍ ስስና ድንጋያማ፣ ጎዳናው ዳር ያለው ከባድ ሸክላ፣ ስሙ ግን ለሁሉም አንድ። ስለዚህ ጠርሙሱን የሚመርጥ ሰው የማሳውን ብቻ ሳይሆን የገበሬውንም ስም ይጠይቃል። አባቴ ይህ አልደነቀውም። «እኛም ዘንድ በ67ቱ አዋጅ ባላባቱ ሄደ፣ መሬቱ ተከፋፈለ፤ የማሳው ስም ግን የትም አልሄደም» አለኝ።

አንድ ነገር ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። በዚያ ተዳፋት ላይ ዝናብ አፈሩን ወደ ግርጌ ያጥበዋል። የወይን ገበሬዎቹ ለብዙ መቶ ዓመታት የታጠበውን አፈር ከግርጌ እየዛቁ፣ በቅርጫት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ማሳው ይመልሱት ነበር።

አባቴ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከእኛ ብሎክ ማዶ አዲስ መሠረት እየተቆፈረ ነው፤ ጥቁሩ ዋልካ ከሰው ቁመት በላይ ተቆርጦ ይታያል። ገልባጭ መኪኖቹ ቀኑን ሙሉ ሲያግዙት ይውላሉ። እሱም ቀኑን ሙሉ ያያቸዋል። «ይህን የት እንደሚደፉት ጠይቂልኝ» አለኝ። ጠየቅኩ፤ ሾፌሩ ቦታው በየቀኑ እንደሚለያይ ነገረኝ።

በቡርጎኝ ስም ያላቸውና ድንበራቸው የታወቀ ማሳዎች 1,247 ናቸው፤ ክሊማ ይሏቸዋል። በ2015 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እሁድ እሁድ ደብተር ይዤ አባቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። እሱ አውድማ በአውድማ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የሾላው ሥር፦ ዋልካ፣ ነጭ፣ ሊጡ ብዙ ውሃ ይጠጣል። የቄሱ ማሳ፦ ጠጠር አለው፣ ምርቱ ጥቂት፣ ዱቄቱ ግን ልም። ታችኛው ወንዝ፦ ውሃ ይተኛበታል፣ ጓያ ይሻለዋል። እስካሁን አርባ አንድ ደርሰናል።

ባለፈው እሁድ አንዱ ጋ ሲደርስ ቆም አለና መሬቱን ከላይ እስከ ታች በእጁ አሳየኝ። «ከኮረብታው ወዲህ፣ ከመንገዱ ወዲያ። መሃሉ» አለ። «እንጀራው ሦስት ቀን አይደርቅም ነበር። ዓይኑ እኩል፣ ጀርባው ልስልስ።»

«የት ነው እሱ?»

በከዘራው ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

ጻፍኩት።