ቦልቱ የት ሄደ?

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተከራከርን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ነን። እሷ ቡና ትቆላለች፣ እኛ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ እንጫወታለን። ጨዋታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን 15 ዓመቱ ነው፣ ሕጉን ግን ከኔ በላይ እየያዘው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ የኔ ታርሞጎይፍ አለ። ይሄ ካርድ የራሱ ቋሚ ቁጥር የለውም። ጉልበቱ በሁሉም ተጫዋቾች መቃብር ውስጥ ባሉት የካርድ ዓይነቶች ብዛት ልክ ነው፣ ጥንካሬው ደግሞ ከዚያ በአንድ ይበልጣል። መቃብር የምንለው ያገለገሉና የሞቱ ካርዶች የሚከመሩበትን ቦታ ነው። በዚያ ሰዓት በሁለታችንም መቃብር ውስጥ የነበሩት መሬትና ፍጡር ብቻ ናቸው። ሁለት ዓይነት። ስለዚህ ታርሞጎይፌ 2/3 ነው። ልጁ ላይትኒንግ ቦልት የሚባል ካርድ ጣለበት። ዋጋው አንድ ቀይ ማና (ማና ከመሬት ካርዶች የሚገኝ የመክፈያ ኃይል ነው)፣ የሚያደርሰው ሦስት ጉዳት። ሦስት ጥንካሬ ላይ ሦስት ጉዳት ካረፈ ያለቀለት ነው ብዬ ካርዴን አንስቼ ወደ መቃብር ላስገባ ስል እጄን ያዘኝ።

«ቆይ አጎቴ፣ አልሞተም።»

«እንዴት አልሞተም? ሦስት በሦስት ነው እኮ።»

«ቦልቱ የት ሄደ?»

ቦልቱ እጁ ላይ ነበር። አሳየኝና ቀስ ብሎ መቃብሩ ላይ አስቀመጠው። ቦልት ኢንስታንት የሚባል የካርድ ዓይነት ነው፣ ተፈጽሞ የሚያልቅ ድግምት። መቃብር ውስጥ ከዚያ በፊት ኢንስታንት አልነበረም። አሁን ሦስት ዓይነት ሆነ፣ ታርሞጎይፉም 3/4 ሆነ። ጉዳቱ ሦስት ብቻ ነው። ቆሟል።

እኔ አልተዋጠልኝም። ጉዳቱ ሲያርፍ ጥንካሬው ሦስት ነበር፣ ያኔ ነው የሞተው፣ በኋላ የሆነው አያስነሳውም አልኩ። እሱ ደግሞ የለም፣ ጨዋታው ያኔ አላየም ይላል። ልብ በሉ፣ እኔ የራሴን ፍጡር ለመግደል ነው የምከራከረው፣ እሱ ደግሞ የኔን ለማዳን። ሁለታችንም የምንከራከረው በየራሳችን ላይ ነበር። በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ ሕጉን ከፈትኩ። ቁጥር 608 አንድ ድግምት ሲፈጸም ምን ከምን እንደሚቀድም ይዘረዝራል፤ ኢንስታንት ከሆነ ካርዱ መቃብር መግባቱ የአፈጻጸሙ የመጨረሻ እርምጃ ነው። ቁጥር 704 ደግሞ ጨዋታው «ማን ሞተ?» ብሎ የሚያየው ድግምቱ ተፈጽሞ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ተጫዋች ቅድሚያ፣ ማለትም ቀጥሎ አንድ ነገር የማድረግ ዕድል፣ ሊያገኝ ሲል ነው ይላል። መሃል ላይ አያይም። ልጁ ልክ ነበር። በሚቀጥለው ተራ በዚያው ታርሞጎይፍ መታሁትና ተሸነፈ። ቅር አላለውም። እኔ ግን ኮራሁበት፣ ለእናቱም ነገርኳት።

ይሄን የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ስለገባኝ ነው። ማጂክ ውስጥ ከባድ የሚባሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ይሄ ካርድ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አይደሉም። እሱን ማንበብ የቻለ ሁሉ ያውቀዋል። ከባዱ «የቱ ይቀድማል?» የሚለው ነው። እኛ ግን ስንጣላ የምንጣላው ስለ ፍትሕ ነው። ይሄማ አግባብ አይደለም፣ ካርዱ የተሠራው ለዚህ አይደለም፣ እንላለን። አዲስ አበባ ኮንከር ስንጫወት እንደዚያ መነጋገር ይቻል ነበር፣ ምክንያቱም ሕጉ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ሳይጀመር ተስማምተን ነው የምንቀመጠው፣ ካልተስማማንም በዕድሜ ትልቁ ሰው ይወስናል። ማጂክ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እየተጻፈ፣ እየተቃና የመጣ፣ ዛሬ ከ250 ገጽ በላይ የሆነ የሕግ ሰነድ አለው። በላ ልበልሃ ብሎ ነገር የለም። የተጻፈውን ማየት ነው።

ያ ሁሉ ገጽ ግን ማንንም ማስፈራት የለበትም። እኔ መቼም ከዳር እስከ ዳር አንብቤው አላውቅም። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች መያዝ ብቻ ብዙ ክርክር ያበርዳል። ካርዱ ከሕጉ ጋር ከተጋጨ ካርዱ ይበልጣል። አንዱ ካርድ «ይችላል» ሌላው «አይችልም» ካለ ደግሞ «አይችልም» ያሸንፋል። ሁለተኛዋን ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩባት አልቆጥረውም።

ቀጥሎ ካርዱ ላይ ያለውን ቃል እንደ ውል ማንበብ ነው። «ይህ ሲሆን ይህን አድርግ» የሚል ከሆነ ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚመጣ ነው፣ ስታኩ ላይ፣ ማለትም ድግምትና ችሎታ እስኪፈጸም ወረፋ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ፣ ይቀመጣል፣ ሌላው ሰውም መልስ መስጠት ይችላል። «ይህ ከሚሆን በምትኩ ያ ይሁን» የሚል ከሆነ ግን ስታክ የሚባል ነገር የለም፣ ያኛው ከነጭራሹ አልሆነም። ሬስት ኢን ፒስ የሚባለው ካርድ ጠረጴዛ ላይ ካለ የሞተ ፍጡር መቃብር አይገባም፣ ከጨዋታው ይወጣል። ስለዚህ «ሲሞት» የሚል ችሎታ ያለው ፍጡር ዝም ይላል፣ በጨዋታው ቋንቋ አልሞተማ። ሰዎች እዚህ ጋ በጣም ይናደዳሉ። እኔም ተናድጄ አውቃለሁ። ግን ቃሉ ይኸው ነው። «አይጠፋም» የሚል ችሎታ ያለው ፍጡርም ጥንካሬው ዜሮ ከገባ መቃብር ይገባል፣ ምክንያቱም ያጠፋው የለም፣ ጥንካሬ የሌለው ነገር መቆም ስለማይችል ነው።

አሁን ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የካርድ ሱቅ ውስጥ የዓርብ ማታ ውድድር ላይ ነበርኩ። ጠረጴዛ ላይ የኔ ብለድ ሙን አለ። ብለድ ሙን መሠረታዊ ያልሆኑትን መሬቶች ሁሉ ተራራ ያደርጋል፣ ተራራ ደግሞ ቀይ ማና ብቻ ነው የሚሰጠው። ሰውየው ጥቁር ማና ፈልጎ ተቸግሯል። ታፍኗል ማለት ይቻላል። ከዚያ ኡርቦርግን አወረደ፣ ሁሉንም መሬት በተጨማሪ ረግረግ የሚያደርገውን መሬት ማለቴ ነው፣ ረግረግ ደግሞ ጥቁር ማና ይሰጣል። «የመጨረሻው የመጣው ነው የሚጸናው፣ ስለዚህ አሁን ሁሉም ረግረግ ነው» አለኝ። በጣም እርግጠኛ ነበር። ድምፁም ረጋ ያለ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ማስቆም፣ እጅ አንስቶ መጣራት ያሳፍረኝ ነበር። እሺ አልኩ። በዚያ ጥቁር ማና ፍጡሮቼን አንድ በአንድ ገደለና አሸነፈኝ።

ቤት ገብቼ ሳየው ተሳስቶ ነበር። አልዋሸኝም፣ ያመነበትን ነው የነገረኝ። በአብዛኛው ሁለት ተመሳሳይ ለውጦች ሲጋጩ በእርግጥ በኋላ የመጣው ነው የሚጸናው። ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ አንደኛው ለውጥ ሌላኛውን ከነጭራሹ እንዳይኖር ያደርገዋል ወይ? ኡርቦርግ ራሱ መሠረታዊ መሬት አይደለም። ብለድ ሙን ተራራ ሲያደርገው ችሎታው አብሮ ይጠፋል። ችሎታው ከጠፋ ረግረግ የሚያደርግ ነገር የለም። እንግዲህ ኡርቦርግ በብለድ ሙን ላይ ጥገኛ ነው፣ ጥገኛ የሆነው ደግሞ ይጠብቃል፣ ማን ቀድሞ ወረደ የሚለው ለውጥ አያመጣም። ሰውየው ኡርቦርግን ከብለድ ሙኑ በፊት አውርዶት ቢሆን እንኳ መልሱ ያው ነበር።

የሚቆጨኝ መሸነፌ አይደለም። ዳኛው አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ ለጀማሪዎች አጥብቄ የምለው አለ። ዳኛ መጥራት ሰውን ሌባ ማለት አይደለም። እጅህን አንሳ፣ «ዳኛ!» በል፣ ካርዶቹን አትንካ። ሲመጣ የሆነውን በቅደም ተከተል ንገረው፣ ሌላውም የራሱን ይናገራል። ጥሪው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደ ሰዓት ይጨመርላችኋል፣ ስለዚህ ጊዜ ፈጀሁ ብለህ አትሳቀቅ። መልሱ ካልተዋጠልህና ዋና ዳኛ ካለ ለእሱ ይግባኝ ማለት ትችላለህ። ዳኛው ግን «ምን ባደርግ ይሻለኛል?» የሚለውን አይመልስም፣ ሕጉን እንጂ ምክር አይሰጥም። ስለዚህ ጥያቄህን አስተካክል፦ «ይሄን ባደርግ ምን ይሆናል?» በል።

ሌላው የጭቅጭቅ ምንጭ ዕድሜ ነው። ከዓመታት በኋላ ወደ ጨዋታው የተመለሱ ሰዎች የድሮውን ሕግ ይዘው ይመጣሉ። ስታክ ራሱ የመጣው በ1999 ነው። እስከ 2009 ድረስ የውጊያ ጉዳትም ስታክ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ አሁን የለም። ያን ዘመን የተጫወተ ሰው ጉዳቱ ስታክ ላይ እያለ ፍጡሬን እሠዋለሁ ቢላችሁ እያጭበረበረ አይደለም፣ የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። ካርዶቹም እንደዚያው ናቸው። የድሮ ካውንተርስፔል ላይ «ኢንተራፕት» የሚል ዓይነት ታትሟል። ዛሬ ያ ዓይነት የለም፣ ካርዱ ኢንስታንት ሆኖ ነው የሚቆጠረው፣ ታርሞጎይፍም የሚያየው እንደ ኢንስታንት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውና ዛሬ የሚሠራው ጽሑፍ ከተለያዩ የሚጸናው ኦራክል የሚባለው ኦፊሴላዊው ጽሑፍ ነው፣ ጋዘረር በሚባለው የጨዋታው ኦፊሴላዊ የካርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። እኔ ከ2000 በፊት የታተመ ካርድ ካየሁ ሳልፈትሽ አልከራከርም።

በነገራችን ላይ በ2019 ሦስት ተመራማሪዎች የማጂክ ሕግ ማንኛውንም የኮምፒውተር ስሌት ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አውጥተዋል። ይሄን ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። ሕጉ እንዲህ የጠለቀው ሰው ለማስቸገር አይደለም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶች በማንኛውም ቅደም ተከተል ቢገናኙ መልስ እንዲኖር ነው።

ትናንት ማታ ልጁ ደወለልኝ። ሂውሚሊቲና ኦፓሌሰንስ የሚባሉ ሁለት ካርዶች ላይ ደርሷል። ሂውሚሊቲ ፍጡሮችን ሁሉ ችሎታ ያሳጣቸዋል፣ 1/1 ያደርጋቸዋል። ኦፓሌሰንስ ደግሞ ሌሎቹን ኢንቻንትመንቶች፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ የድግምት ካርዶችን፣ ፍጡር ያደርጋል፣ ጉልበትና ጥንካሬያቸውም የዋጋቸውን ያህል ይሆናል። ሂውሚሊቲ ራሱ ኢንቻንትመንት ነው፣ ዋጋውም አራት። ታዲያ ፍጡር ሆኖ የራሱን ችሎታ ካጠፋ፣ ማጥፋቱስ ይቀራል? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይተወዋል።

«በደርብ በደርቡ ሂድ» አልኩት። ደርብ የምንለው ሕጉ ለውጦችን በቅደም ተከተል የሚቆጥርበትን ደረጃ ነው፣ ደርቦቹም ሰባት ናቸው። ስልኩ ላይ ሲጽፍ ይሰማኛል። አራተኛው ላይ የካርድ ዓይነት ይለወጣል፦ ሂውሚሊቲ ፍጡር ሆነ። ስድስተኛው ላይ ችሎታ ይጠፋል፦ የራሱንም አጠፋ፣ ግን መሥራት የጀመረ ነገር ችሎታው ቢጠፋም በቀሩት ደርቦች ሥራውን ይጨርሳል። ሰባተኛው ላይ ቁጥር ይወሰናል፣ እዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ጥገኛም የለም፣ በኋላ የመጣው ይጸናል።

ትንሽ ዝም አለ።

«እኔ ጋ ኦፓሌሰንስ ነው በኋላ የመጣው» አለኝ። «4/4 ነዋ?»

«4/4 ነው።»

«ሂውሚሊቲ በኋላ ቢመጣስ?»

«አንተው ንገረኝ።»

«1/1» አለና እናቱ እራት ስትጠራው ስልኩን ዘጋው።