የቀይ ባሕር ደለል በጅማ ማይክሮስኮፕ ሥር

ከጅማ ሰው ቡና ይዞ ይመለሳል። ማር ይዞ ይመለሳል። ጉልበት ያለው ደግሞ ከአንድ ግንድ የተጠረበችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተሸክሞ ይመለሳል። የዛሬው ወሬዬ ግን ይዤ ስለተመለስኩት ሳይሆን ይዤ ስለሄድኩት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ነበረች። ብልቃጧ ውስጥ ከቀይ ባሕር ወለል የወጣ ደለል አለ። ባሕር ማዶ የባሕር ጂኦሎጂ ያጠና አንድ ወዳጄ ነው "ይሄ ላንተ ነው የሚሆነው" ብሎ የሰጠኝ። በባዶ ዓይን ካያችሁት ነጣ ያለ አሸዋ ነው፤ ሌላ ምንም አይልም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ባዮሎጂ በማስተማር ነው። ጡረታ ስወጣ ማይክሮስኮፑን አላወረሱኝም። የእህቴ ልጅ ግን ጅማ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፣ ሥራዋም ቀንድ አውጣ ነው። "ጋሼ፣ ይምጡና አብረን እናየዋለን" አለችኝ። ሌላ ሰበብ አላስፈለገኝም።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ። እስከዚያ ድረስ ተኛሁ። ከወልቂጤ በኋላ መኪናው ወደ ጊቤ ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ ራሱ ይቀሰቅሳል። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲያያዘው ደግሞ አረንጓዴው ይጀምርና እስከ ጅማ አይለቅም።

በማግስቱ ጠዋት የእህቴ ልጅ በቀጥታ ማይክሮስኮፑ ጋ ትወስደኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ የላስቲክ ቦቲ ጫማ ወረወረችልኝ። መጀመሪያ ቦዬ ነው የምንሄደው። ቦዬ ከከተማው ዳር ያለ ረግረግ ነው። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ወፉ ለጉድ ነው፣ ጉማሬም አለበት ይባላል። እሷ ረጅም እጀታ ያለው መረብ ይዛ ዳር ዳሩን ትቃኛለች። እኔን ከአንድ ነገር በቀር ምንም አላዘዘችኝም፤ "ውሃውን በእጅዎ እንዳይነኩ።"

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የግድ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ መራባት አለበት። ከዚያ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይለቀቃል፤ ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ይገባል። ስለዚህ የበሽታውን መንገድ የሚከታተል ሰው ቀንድ አውጣውን ይከታተላል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ አክሊሉ ለማን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው ያየው እሱ ነው። እናቶቻችን ስንት ዘመን ነጠላ ያጠቡበት ፍሬ የቀንድ አውጣ መርዝ ሆኖ ተገኘ። ተማሪዎቼን ይህን ታሪክ ሳልነግር ያሳለፍኩበት ዓመት የለም።

ከብት የሚጠብቁ አዛውንት ቆም ብለው አዩን።

"ዓሣ ነው?"

"ቀንድ አውጣ ነው አባባ" አለች።

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ለምን ትለቅሙታላችሁ?"

እሷ ትንሽ ለማስረዳት ሞከረች። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው ከብቶቻቸውን ነዱ።

ከመረቡ የወጡትን በየዕቃቸው ለየቻቸው። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆና የተጠቀለለችው ባዮምፋላሪያ ናት፤ የአንጀቱን ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈው። ሾጠጥ ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቡሊነስና ሊምኒያ። እነዚህን ለመለየት የእህቴ ልጅ የምትጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደራስ አዙሮ መያዝ። አፏ በግራ ከሆነ ቡሊነስ፣ በቀኝ ከሆነ ሊምኒያ። በቃ። ይህቺን ዘዴ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ገባን። ደለሉን በትንሽ ጥቁር ሳህን ላይ በተን አደረግነው፤ ነጭ ነገር በጥቁር ላይ ነው የሚታየው። ቀጭን የሥዕል ብሩሽ ጫፉን በውሃ አርሶ፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ የሚፈልጉትን ፍሬ መንካት ነው። እርጥበቱ ይይዘዋል። ያኔ አንስቶ ወደ ጎን ማሰለፍ። እጄ ቢንቀጠቀጥም ከጥቂት ሙከራ በኋላ ለመደ።

መጀመሪያ ያነሳሁት ቀጥ ያለ መርፌ ነው። ባዶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አንድ ጫፉ የሾለ። ክሬሴይስ ይባላል። ለማያውቅ ሰው ቀንድ አውጣ ነው ቢሉት አይቀበልም፤ ምኑም አልተጠቀለለም። ሁለተኛው የጤፍ ፍሬ ታክላለች፣ ሉል ብላ የተጠቀለለች ናት። ስሟ ሄሊኮኖይደስ ነው። የእህቴ ልጅ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለችና በብሩሹ ገለበጠቻት፣ ደግማ ገለበጠቻት።

"ጋሼ፣ ይቺማ ቡሊነስ ናት! አፏ በግራ ነው እኮ!"

አየሁ። እውነትም በግራ ነው።

ቡሊነስ ግን አይደለችም። የሁለቱም ቅርፊቶች ባለቤቶች በሕይወት ሳሉ መሬት ረግጠው አያውቁም። ተወልደው እስኪሞቱ በባሕሩ ውሃ መሃል እየዋኙ ነው የሚኖሩት። ሌላው ቀንድ አውጣ የሚሳብበት እግር በእነሱ ላይ ለሁለት ክንፍ ተከፍሏል። የባሕር ቢራቢሮ ይሏቸዋል፤ ስሙ ለውበት ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። በዋልታ ባሕር የምትኖረውን ዘመዳቸውን ሊማሲናን በፈጣን ካሜራ የቀረጹ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ክንፏን የምታንቀሳቅሰው የስምንት ቁጥርን ቅርጽ እየሠራች መሆኑን አሳይተዋል። ትናንሽ ነፍሳት አየር ላይ የሚበሩበት ስልት ነው። ክንፎቿን ከላይ አጋጥማ ፈልቀቅ ታደርጋቸዋለች፣ ውሃው ወደ ላይ ይገፋታል። ክንፏን ካቆመች ትሰምጣለች፤ ቅርፊት ከባድ ነው።

አበላላቸውም ለብቻው ነው። ከአካላቸው የሚበልጥ የዝልግልግ መረብ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ክንፋቸውን ይዘው ዝም። የሚወርደው ደቃቅ ነገር ሁሉ መረቡ ላይ ይለጠፋል። ሲሞላ መረቡን ራሱን ከነያዘው ስበው ይውጡታል። ብዙዎቹ ማታ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሲነጋ የሚያድናቸው ሳያያቸው ወደ ጨለማው ይወርዳሉ። ይህን የሚያክል ፍጥረት በየቀኑ መቶ ምናምን ሜትር ሲመላለስ ማሰብ ነው።

"እሺ ቡሊነስ ካልሆነች፣ ዘመዷስ አይደለችም?" አለችኝ። ጥያቄዋ እኔ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር።

ነገሩ ብዙ ሊቃውንትን አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ ቴሮፖዳ የሚል ስም ሰጣቸውና ከቀንድ አውጣ ወገን ለይቶ የራሳቸው ቦታ ላይ አስቀመጣቸው። ከ1872 እስከ 1876 ባሕሩን ስትመረምር የከረመችው የእንግሊዞቹ መርከብ ቻሌንጀር የሰበሰበችውን ደግሞ ቤልጂጋዊው ፖል ፔልሴኒር አገላበጠው። አይ፣ እነዚህ ቀንድ አውጣ ናቸው አለ። እዚህ ድረስ ትክክል ነበር። ነገር ግን ባለቅርፊቶቹና ቅርፊት የሌላቸው፣ የባሕር መልአክ የሚባሉት፣ ከተለያየ ዘር የመጡ ናቸው ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። ክንፍ ማብቀላቸው እንዲያው መገጣጠም ነው ማለቱ ነው። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲኤንኤ ሲመረመር ግን ሁለቱ ወገኖች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሆነው ተገኙ። በ2020 በብዙ ጂን የተሠራው ጥናትም ይህንኑ አጸና፤ የዘራቸውንም መነሻ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ ዳይኖሰሮች ወደነበሩበት ወደ ክሪቴሺየስ ዘመን መጀመሪያ ወሰደው። ኩቪዬ ቦታቸውን ቢስትም ቤተሰቡን ጠብቋል። እኔ በግሌ ደስ ብሎኛል፤ የድሮ ሰው የተናገረው ሁሉ እየተፋቀ የሚሄድበት ዘመን ስለሆነ።

ሦስተኛው ቅርፊት ነው ጨዋታውን ያሞቀው። ጠፍጣፋ ክብ ናት፣ ዙሪያዋን ስስ መስተዋት የመሰለ ጠርዝ አላት። ከሩቅ ካያችኋት የቦዬዋን ባዮምፋላሪያ ታስታውሳለች። ይቺ አትላንታ ናት። እሷም ዋናተኛ ናት፣ ግን ከሌላ ወገን፤ ሄቴሮፖዳ ከሚባሉት። ክንፍ የላትም። እግሯ ወደ አንድ መቅዘፊያ ተለውጧል፣ የምትዋኘውም ተገልብጣ፣ እግሯን ወደ ላይ አድርጋ ነው። መረብ አትዘረጋም፣ ታድናለች። ለዚህም ዓይን ተሰጥቷታል። የዓይኗ የብርሃን መቀበያ ጠባብ ጥብጣብ ብቻ ስለሆነ፣ ዓይኗን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰች ውሃውን ትፈትሻለች። ከምታድናቸው መካከል እነዚያው የባሕር ቢራቢሮዎች አሉበት።

አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጉልኝ። ሄሊኮኖይደስ፣ አትላንታ፣ የቦዬዋ ቡሊነስ። ማን ከማን ይዛመዳል? ሁለቱ የባሕር ናቸው፣ ሁለቱም ደቃቅ፣ ሁለቱም ዋናተኛ። ማንም ሰው እነሱን ያዛምዳል። ይሁንና የባሕር ቢራቢሮዋ ለአትላንታ ሳይሆን ለቡሊነስ ነው የምትቀርበው። ቡሊነስ፣ ባዮምፋላሪያ፣ ሊምኒያ፣ በክረምት ጎመን የሚበላብን ቅርፊት የለሹ ቀንድ አውጣ፣ ሁሉም ከባሕር ቢራቢሮ ጋር በአንድ ትልቅ ግንድ ላይ ናቸው። አትላንታ ያለችው ሌላ ግንድ ላይ ነው። አንድ ምልክት ልስጣችሁ። የቦዬዎቹ እያንዳንዳቸው ወንድም ሴትም ናቸው። የባሕር ቢራቢሮዎችም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ ወንድ ይሆኑና ሲያድጉ ወደ ሴትነት ይዞራሉ። አትላንታ ግን ወንዱ ወንድ፣ ሴቷ ሴት ናት።

የእህቴ ልጅ ፊቷ በራ። "ስለዚህ ልክ ነበርኩ! የግራው አፍ ዘመድነታቸውን ነው ያሳየኝ።"

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ መጣብኝ። መልሱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን አይሠራም። ሊምኒያን አምጪ አልኳት። ሊምኒያ ከቡሊነስ ጋር አንድ ረግረግ ውስጥ የምትኖር የቅርብ ዘመዷ ናት፣ አፏ ግን በቀኝ ነው። ወደ ግራ መጠቅለል የዘር ሐረግ ቢሆን ኖሮ፣ የጎረቤቷን ዝምድና ክደን የቀይ ባሕሯን እናስጠጋ ነበር። ትንሽ አሰበችና "እሺ፣ ለቡሊነስና ለሊምኒያ ብቻ ነው የሚሠራው ማለት ነው" አለች። አዎ።

ከክሬሴይስ ብዙ ስለነበረን አንዷን ለሙከራ ሰዋናት። ጠብታ የተበረዘ አሲድ ስናደርግባት አረፋ ደፈቀችና ጠፋች። ቅርፊቷ የተሠራበት አራጎናይት ቶሎ ከሚሟሙት የኖራ ዓይነቶች አንዱ ነው። ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሕር ሩቡን ያህል ይውጠዋል፣ ሲውጠውም አሲድነቱ ይጨምራል። በእርግጥ ባሕር የላቦራቶሪ አሲድ አይሆንም፤ ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 ከደቡባዊ ውቅያኖስ በሕይወት የተያዙ ሊማሲናዎች ቅርፊታቸው ተበልቶ መገኘቱን በ2012 የወጣ ጥናት ዘግቧል። ታዲያ የእኛው ደለል ውስጥ ያሉት እንዴት እንዲህ ንጹሕ ሆነው ቆዩ? ሌላ ውቅያኖስ ላይ ቅዝቃዜውና ጥልቀቱ ያሟሟቸዋል። ቀይ ባሕር ግን ከ2,000 ሜትር በታች እንኳ 21 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ውሃ ነው። ለአራጎናይት ይመቻል።

ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን፤ የእንጨት ሥራው ለራሱ አንድ ጽሑፍ ይፈልጋል። ማታ የእህቴ ልጅ አማት ቤት ለእራት ተጠራን። ስለ ቀኑ ሥራ ሲጠይቁኝ የአንታርክቲካዋን የባሕር መልአክ ታሪክ አወራሁላቸው። ይቺ ቅርፊት የላትም፤ ቅርፊቷን በጨቅላነቷ ትጥለዋለች። መልአክ የሚሏት መልኳን አይተው ነው እንጂ የምትበላው ባለቅርፊት ዘመዶቿን ነው፣ ከቅርፊታቸው ሳትሰብር ጎትታ እያወጣች። እሷን ግን ዓሣ አይደፍራትም፣ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ኬሚካል ያስተፋዋል። ይህን የተረዳ አንድ ሽሪምፕ መሰል ትንሽ ፍጥረት አለ። መልአኳን ይይዝና ጀርባው ላይ አዝሎ ይዞራል። ዓሣው እሷን ሲያይ እሱንም ይተወዋል።

ሴትዮዋ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ታዲያ እሷን ማን ያበላታል?"

"ማንም እማማ። እስኪለቃት ድረስ ሳትበላ ነው። ግን ጦም ይችላሉ። በሰሜን ያለችው ዘመዷ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ምግብ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ኖራለች።"

"ዓመት!" አሉና ወደ ትሪው ዞሩ። "እርስዎ ወሬ ይዘው ምንም አልበሉም። በሉ ይብሉ!" እንቢ ብል አይሰሙኝም ነበር፤ ጎረስኩ።