የሰው ፓስወርድ እኔ ጋ ምን ይሠራል?

ሐዋሳ መናኸሪያው አካባቢ ያለችው ሱቄ ሁለት በሦስት ሜትር ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ላሚኔት ማሽን፣ ነጭ ጨርቅ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ደግሞ ጉርድ ፎቶ የማነሳበት በርጩማ። በሩ ላይ «የኦንላይን ፓስፖርት፣ የፋይዳ ፕሪንት፣ ሌበር አይዲ እንሠራለን» ይላል። ሌበር አይዲ ለሥራ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የሚያወጣው የሠራተኛ መታወቂያ ነው። መሳቢያው ውስጥ ግን በሩ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። የሁለት መቶ ምናምን ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ።

ሰርቄው አይደለም። ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም፣ ከሐላባ የሚመጡት ልጆች ሳዑዲ ወይ ዱባይ ለመሄድ ነው የሚመጡት። ስልክ አያውቁም እንዳትሉ፤ ቲክቶክ ላይ ከእኔ ይበልጣሉ፣ በኢሞ ከጅዳ አክስታቸው ጋር ሲያወሩ ያመሻሉ፣ ቴሌብር ላይ ጣታቸው ይበራል። ኢሜይል አላችሁ ስትሏቸው ግን ዝም ነው። እውነታቸውን ነው፤ ማን ኢሜይል ይጽፍላቸዋል? እኔም ሰልፉ እንዳይረዝም ራሴው እከፍትላቸው ነበር። ስም ከነልደት ዓመት፣ ፓስወርዱ ስሟና 1234፣ የማረጋገጫው ስልክ የእኔ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀጣይ!

ከኢሜይሉ ይልቅ የምጠነቀቀው ለስምና ለልደት ቀን ነበር፤ ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛላ። ፋይዳው፣ ፓስፖርቱና ሌበር አይዲው ላይ ስሙ በአንድ ፊደል ከተለያየ ሰውየው ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው። «ጽጌ»ን በምን ትጽፉታላችሁ? በ«ቲ ኤስ» ነው ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? ቀኑም እንደዚያው ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ 7 ዓመት ትደምራለህ፣ ከዚያ በኋላ 8። አንዷ ጳጉሜ 6 ቀን 1995 የተወለደች ነበረች። ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን ናት፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 ይሆናል። እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት የሞላላት ሰው ጳጉሜን እንዳለ ሴፕቴምበር አድርጎ 6ን 6 ብሎ አስገባው። በአምስት ቀን ልዩነት ሁለት ወር ተመላለሰች፤ የደረሰችበት ሁሉ «ሲስተሙ አይቀበልም» ይሏት ነበር።

እና ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ 7 ሰዓት ላይ፣ ኢሞ ጮኸ። ሪያድና ሐዋሳ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ እሷም ጋ ሌሊት ነው። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ አሁን ነው ክፍሌ የገባሁት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከሦስት ዓመት በፊት የሞላሁላት ልጅ ናት። ስልኳ ውኃ ገብቶበት ተበላሽቶ፣ ጓደኛዋ አሮጌ ስልክ ሰጥታት፣ ኢሜይሏን ልትከፍት ስትል ኮድ ተጠየቀች። የፈለገችው የውሏን ኮፒ ነው። እሷ ሁለት ዓመት ብዬ ነው የፈረምኩት ትላለች፣ አሠሪዎቿ ሦስት ይላሉ። ስካን አድርጌ ኢሜይሏ ላይ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ።

ኮዱ የሚመጣው ደግሞ በእኔ ስልክ። በየትኛው? በአሮጌው ሲም። እሱን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፤ ሻሸመኔ ተኝቷል። አሥር ጊዜ ደውዬ ቀሰቀስኩት። የመጀመሪያውን ኮድ በእንቅልፍ ልቡ 6ን 9 ብሎ አነበበልኝ። ሁለተኛው ለእሷ እስኪደርስ ጊዜው አለፈበት። ሦስተኛው ላይ ገባች። የውሉን ገጽ ስትልክልኝ አብሬያት አነበብኩት፤ ሁለት ዓመት ይላል።

«አብሸር ላይ የኢቃማሽን ቀን አታይም እንዴ?» አልኳት። አብሸር የሳዑዲ መንግሥት አፕ ነው፤ ሰው ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መቼ እንደሚያበቃ ራሱ ገብቶ ያያል። ሳቀች። «የከፈተልኝ የቤቱ ልጅ ነው፣ በሱ ስልክ። ቁልፉ እሱ ጋ ነው።» ነገሩን ስትለው እኔን እየነካችኝ አልነበረም። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እስኪነጋ አልተኛሁም።

እኔ ራሴ ከ2001 እስከ 2006 ቤሩት ነበርኩ። ፓስፖርቴን ማዳም ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበት አምስት ዓመት አላየሁትም። እሁድ ከለቀቀችኝ ዳውራ የሚባለው ሰፈር ወርጄ የስልክ ካርድ እገዛና ቁጥሩን ፍቄ ለእናቴ እደውል ነበር። ያን ቁም ሳጥን ስረግም የኖርኩ ሴት፣ መሳቢያ ውስጥ ደብተር አስቀምጬ።

አሁን ሥራዬን ቀይሬዋለሁ። ኢሜይሉ የሚከፈተው በራሷ ስልክ ነው፣ ፓስወርዱን የምትጽፈው ራሷ ናት። እዚያ ስትሄድ የኢትዮጵያው ሲሟ ስለሚዘጋ የማረጋገጫው ቁጥር ቤት የሚቀር ሰው መሆን አለበት፤ እናት ካላነበበች ስድስተኛ ክፍል ያለ ወንድም ይበቃል። በዚያ ላይ ጉግል ስልክ ለጠፋበት ሰው የሚሰጣቸው 10 ኮዶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት አሃዝ፣ አንዱ አንዴ ብቻ የሚሠራ። ሁለት ኮፒ ፕሪንት አደርጋለሁ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእናቷ። ላሚኔት አላደርገውም፣ የተጠቀመችበትን በእስክሪብቶ መሰረዝ አለባትና። ይኼ ሁሉ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ደንበኛ ያማርራል፣ ጎረቤቴ ያለው ኮፒ ቤት አሁንም በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል፣ ሰልፉም ወደ እሱ ዞሯል።

ሰማያዊውን ደብተር አላቃጠልኩትም። ስልካቸውን ያገኘኋቸውን እየደወልኩ ቁጥሩን አስቀይራቸዋለሁ፣ ከዚያ ስማቸውን እሰርዛለሁ። እስካሁን ሠላሳ አንድ።

ትናንት አንዲት የይርጋለም ልጅ መጣች። ስልኳን ይዛ ፓስወርድ መጻፊያው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ዞር በይልኝ።» ደስ እያለኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ የቀን መቁጠሪያውን ሳነብ ቆየሁ። ጨርሳ፣ ከፍላ፣ አመስግና ወጣች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ከውስጡ አንገቷን አወጣች።

«እትዬ፣ ትልቁን ፊደል የቱ ጋ ነበር ያደረግኩት?»

«እኔ እንጃ፣ ዞሬ ነበር» አልኳት።