የእማዬ ዳንቴል

ዛሬ የእማዬን አዲስ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ጨረስን። ሠራተኛው ዕቃውን ሲሰበስብ እማዬ ከጓዳ ነጭ ዳንቴል ይዛ ወጣች። «ይሄንን የቱ ጋ ላልብሰው?» አለችኝ። ስክሪኑ ስስ ነው፤ ዳንቴሉ ማረፊያ አጣ።

በእጇ የሠራችው ለመጀመሪያው ቴሌቪዥናችን ነበር፤ ለዚያ መዝጊያ ላለው፣ በቁልፍ ለሚቆለፈው ጥቁርና ነጭ። ጥጉ ላይ አንዲት ቡናማ ነጠብጣብ አለች። የጎረቤት ልጅ ሻይ የደፋባት ናት፤ ስንት ጊዜ ታጥባ አልለቀቀችም።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኛ ሰፈር ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላም ባለ ቴሌቪዥን ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አባባ ተስፋዬ ተረት የሚያወሩ ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በራችን ላይ ይሰለፋል። እማዬ በጆግ ውሃ እያፈሰሰች የሁላችንንም እግር ታስታጥባለች። የእኔንም! የገዛ ቤቴ ነው ብዬ ባኮርፍ አትሰማኝም። እግሩን ያልታጠበ ምንጣፉን አይረግጥም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ተራው የአዋቂዎቹ ነው፤ ዜና ሲጀምር ጸጥ፣ ሲያልቅ ወሬው እስከ ቡና ይቀጥላል።

አሁን በየቤቱ ቴሌቪዥን አለ፤ በየእጁም ስልክ። ለማየት ብሎ የሰው በር የሚያንኳኳ የለም። ይህ ነገር ዛሬ ከልቤ አሳዘነኝ።

እማዬ ዳንቴሉን መልሳ አጠፈችው። ነጠብጣቧን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ «ያ ልጅ አሁን የት ይሆን?» አለች።