እሺ ስል ምን ማለቴ ነው?

ጀርመን በገባሁ በአራተኛው ወር አንድ አዛውንት በእኔ ጥፋት ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ ሊውሉ ነበር።

ካሰል በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነርስነት እማር ነበር። ጀርመኖች አውስቢልዱንግ ይሉታል። ሦስት ዓመት ይፈጃል። 2100 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2500 ሰዓት ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ያን ቀን ጠዋት አሠልጣኜ ኮሪደሩ ላይ እየተራመደች ሦስት ነገር አዘዘችኝ። ሁለቱ ገቡኝ። ሦስተኛው አልገባኝም። ሦስቱንም ጊዜ ግን «ያ» አልኳት። «ያ» በጀርመንኛ «አዎ» ነው። እኔ በልቤ ያልኩት ግን «እሺ» ነበር።

ሦስተኛው ትእዛዝ አዛውንቱ የሚጠጡትን እየለካሁ መዝገብ ላይ እንድጽፍ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ጥም ብዙም አይሰማም። ካልሰጧቸው አይጠይቁም። ቀትር ላይ ተረኞች ሲቀያየሩ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ከቁርስ ቡናቸው በቀር ምንም አልቀመሱም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቶሎ ስለተደረሰባቸው ክፉ ነገር አልገጠማቸውም። አሠልጣኜ ግን ሁሉም ሰው ፊት «አዎ ብለሽኝ ነበር እኮ!» አለችኝ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አልዋሸሁም። ታዲያ ምን ማለቴ ነበር? እኛ «እሺ» ስንል ብዙ ነገር እንላለን። ሰምቼሻለሁ። አከብርሻለሁ። አላስቸግርሽም። እንደ ምንም ብዬ እሞክራለሁ። ለትልቅ ሰው «አልገባኝም» ማለት ደግሞ «በደንብ አላስረዳሽኝም» እንደ ማለት ሆኖ ይሰማናል። ለአሠልጣኜ «አዎ» ውል ነው። ገብቶኛል፣ አደርገዋለሁ፣ ካልሆነ እኔን ጠይቂኝ ማለት ነው። አንድ ቃል ይዘን ሁለታችንም በየአገራችን ቀርተናል።

ወደ ጀርመን ስመጣ ከሌላ ባህል ሰው ጋር መኖር የማውቅ መስሎኝ ነበር። ያደግኩት ደሴ ነው። ጎረቤቶቻችን ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነበሩ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስማር ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ስንኖር የአራት ቋንቋ ልጆች ነበርን። አዲስ አበባ ደግሞ ጀርመንኛ ስማር ስለ ጀርመኖች ተነግሮኛል። ሰዓት ያከብራሉ፣ ፊት ለፊት ይናገራሉ ተብያለሁ። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ግን ስለ እነሱ ማወቄ ያን ቀን አልጠቀመኝም። የጎደለኝ የራሴን ማወቅ ነበር። እኔ የምለውና የማደርገው ነገር ለሌላው ሰው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ አሠልጣኜ ቡና ይዛልኝ መጣች። እንዴት አደርሽ አለችኝ። ገረመኝ። እኛ ጋ ሰው ፊት እንዲያ ከወረፈሽ ሰው ጋር ለመነጋገር ሽማግሌ ይገባል። ለእሷ ጥል አልነበረም። ስለ መዝገቡ ነው የተናገረችው፤ ስለ እኔ አይደለም። ይኼን ለመቀበል አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። እስከ ዛሬም አንዳንዴ ሆዴን ያመኛል።

እንደ ምንም ብዬ «እሺ» የሚለውን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስታዘኝ «አዎ» አልላትም። የሰማሁትን በራሴ ቃል መልሼ እነግራታለሁ። «ስለዚህ መጀመሪያ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ቀጥዬ እንዲህ።» ካልገባኝ እዚያው ይታወቃል። ለእኔ «አልገባኝም» ከማለት በጣም ይቀላል። ማንንም አያሳፍርም። ውጭ አገር ሥራ ለሚጀምር ሰው አንድ ምክር ብቻ ስጪ ብባል ይኼን እሰጣለሁ።

ትምህርት ቤት ያለው ችግር ሌላ መልክ ነበረው። ክፍል ውስጥ አልናገርም ነበር። አስተማሪ ሲያስተምር ጸጥ ብሎ ማዳመጥ ነው ያደግኩበት። ዝም አይነቅዝም ይባላል እኛ ጋ። እዚህ ግን ነቀዘብኝ። የጽሑፍ ፈተናዬ ጥሩ ሆኖ ሳለ አስተማሪዋ ጠርታኝ «ትምህርቱ አያስደስትሽም እንዴ?» አለችኝ። ክፍል ውስጥ መሳተፍ ራሱ ነጥብ አለው። በዚያ ላይ ስታናግረኝ ዓይኗን አላያትም። እኔ አክብሮት ነው ብዬ አቀርቅሬያለሁ፤ እሷ የምደብቀው ነገር ያለ መስሏታል።

ደግሞ ያቺ እኛ አየር ወደ ውስጥ ስበን «እ» የምንላት ነገር አለች። ሰው ሲያወራን እየሰማን መሆናችንን የምናሳይባት። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባዬ ወሬዋን አቋርጣ «ምነው፣ ደነገጥሽ? አመመሽ?» አለችኝ። ስታወራ በየመሃሉ እንደዚያ ሳደርግ ትንፋሽ ያጠረኝ መስሏት ኖሯል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ያቺው አስተማሪ አንድ ልምምድ ሰጠችን። ደብተር ገጹን ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ በኩል ያየነውን ብቻ እንጽፋለን። በሌላው በኩል የመሰለንን። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። «ተቆጣችኝ» ብዬ እጽፍና ሳየው ያየሁት ነገር አይደለም። ያየሁት ድምጿ ከፍ ማለቱንና ፈገግ አለማለቷን ነው። መቆጣቷ የእኔ ትርጉም ነው። ሁለት ደብተር ጨርሻለሁ። የምወደውን ሰው ደብዳቤ እንደማስቀምጥ ነው ያስቀመጥኳቸው።

አንቺና እርስዎ ደግሞ ዓለሙን ገለበጡብኝ። ጀርመንኛም እንደ እኛው ሁለት አለው። «ዱ» አንቺ ነው፣ «ዚ» እርስዎ። ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ 58 ዓመታቸው ነው። ለእኔ አንቱ ናቸው። እሳቸው ግን የመጀመሪያውን ቀን እጃቸውን ዘርግተው በስማቸውና በ«ዱ» እንድጠራቸው ነገሩኝ። ወር ሙሉ ስማቸውን ላለመጥራት ዞሬ ፊታቸው እየቆምኩ ነበር የማናግራቸው።

በተቃራኒው አንዲት የዘጠና ዓመት ሴትዮ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ገላቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ። በጣም ወደድኳቸው። አንድ ቀን ጸጉራቸውን እያበጠርኩ «ኦማ» አልኳቸው። ኦማ አያት ማለት ነው። በልቤ እማማ ማለቴ ነው። ደሴ ላይ የማላውቃቸውን እናት እንኳ ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። እሳቸው ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰዱ። «እኔ ያንቺ ኦማ አይደለሁም። ስም አለኝ» አሉኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ የዕድሜ ልክ አስተማሪ የነበሩ ሴት ናቸው።

ኋላ ክፍል ስንማር ምክንያቱ ገባኝ። የነርስ ትምህርት ቤቶች ነዋሪዎችን ኦማና ኦፓ (ወንድ አያት) ብሎ መጥራት ልክ እንዳልሆነ አጥብቀው ያስተምራሉ። እኔም ሳስበው አዎ አልኩ። ሌላ ሰው እያጠበሽ፣ ሌላ ሰው እያለበሰሽ፣ ቤትሽን ትተሽ አንዲት ክፍል ውስጥ ስትኖሪ ምን ይቀርሻል? ስምሽ ይቀርሻል። «ፍራው»፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ተብለሽ በቤተሰብሽ ስም መጠራት ያንቺ ነው። እኛ ጋ ስም መጥራት ድፍረት ነው፤ እዚያ ስም መንጠቅ ነው ድፍረቱ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እማማ ምን ማለት እንደሆነም ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው በልብሽ እማማ በይኝ፣ በአፍሽ ፍራው በይኝ» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ እንደዚያ ነበርን። ጀርመንኛዬን ያቃኑልኝም እሳቸው ናቸው።

እኔም «ፍራው» ነኝ እዚህ። ግን የቤተሰብ ስም የለንም እኛ። ፓስፖርቱ ላይ ሁለተኛው ስም የአባቴ ነው። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጠራው የአባቴ ስም ነው። መጀመሪያ ላይ ማን እየተጠራ እንደሆነ አይገባኝም ነበር። አባዬ ካረፈ በኋላ ግን ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል። ለማንም አላስረዳሁም፤ ይኼን ለራሴ ነው የያዝኩት።

ስለ ሰዓት ብዙ አልልም። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ጀርመኖች «ሃልፕ ድራይ» ይላሉ፤ ሲተረጎም ግማሽ ሦስት ነው። እኔ ሦስት ተኩል መሰለኝ። እነሱ ማለታቸው ግን ሁለት ተኩል ነው፤ ወደ ሦስት ግማሽ የደረሰ ማለት። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ስምንት ተኩል ይሆናል። ስብሰባ አንድ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። «አፍሪካዊ ሰዓት» ብሎ አንዱ ሳቀ። ያ አመመኝ። ሰዓት ስለማላከብር አይደለም ያረፈድኩት፤ ቋንቋው ስላልገባኝ ነው። ሰው ያጠፋውን ሁሉ በባህሉ ማመካኘትም ትልቅ ስሕተት ነው። እኔ ራሴም እንደዚያ አደርግ ነበር፤ አንዷ ባልደረባዬ ስትኮሳተር «ጀርመን ስለሆነች ነው» እላለሁ። ለካ እናቷ ታመውባት ነበር።

ባልደረቦቼን ቡና ጋብዤ አውቃለሁ። ጀበናውን፣ ሲኒውን፣ ፈንዲሻውን ይዤ ሄድኩ። ዕጣኑን ለጭስ ማስጠንቀቂያው ስል ተውኩት። የእረፍት ሰዓታችን 30 ደቂቃ ስለሆነ ከአቦል አላለፍንም፤ ቶናና በረካ ቀሩ። ሁሉም ወደዱት። ፎቶ አነሱ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን በማግስቱ ሥራ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የባህል ቀን አዘጋጅተው፣ ምግብ ቀምሰው፣ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከመቶ ጀበና ይልቅ ከአሠልጣኜ ጋር ስለ «እሺ» ያወራናት ሩብ ሰዓት በልጣብኛለች።

ትምህርት ቤት ስለ ማደሊን ላይኒንገር ተምረናል። አሜሪካዊት ነርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከታመሙ ሕፃናት ጋር ስትሠራ ባህላቸው ሲለያይ የሚፈልጉት እንክብካቤም እንደሚለያይ አየች። ከዚያ አንትሮፖሎጂ ተማረች፤ ኒው ጊኒ ተራራማው አገር ሄዳ ከሕዝቡ ጋር ኖረች። እሷ የጀመረችው ነገር ዛሬ ራሱን የቻለ የነርሶች ትምህርት ነው። ሳነብ ገርሞኝ ነበር። በእጄ የገባኝ ግን በሦስተኛው ዓመቴ ነው።

አንድ ቱርካዊ አባት ገቡ። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈራርማ ነበር። በዚያ መንገድ ከመጡት አንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ ጨረሱ። አሁን የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። ይኼ ሕመም ሲበረታ ብዙ ጊዜ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል። ጀርመንኛቸው ጠፍቷል። ውሃ በማጠጫ ኩባያ ስንሰጣቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። መዝገባቸው በየቀኑ ባዶ ነው። «እምቢተኛ» የሚል ተጽፎባቸዋል።

«እምቢተኛ» የሚለውን ቃል ሳይ ደብተሬ ትዝ አለኝ። ያየነው ፊታቸውን ማዞራቸውን ነው። እምቢተኛ ናቸው ያልነው እኛ ነን።

ጠዋት ክፍላቸው ስገባ እንደ ደሴ ጎረቤቶቻችን «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። ዞረው አዩኝ። «አለይኩም ሰላም» አሉ። በሳምንት ውስጥ የሰማኋቸው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ምግብ ቤት የምትሠራዋን ቱርካዊት ባልደረባችንን ጠየቅኩ። «ማጠጫውን ተዪው፤ የሕፃን ነው የሚመስላቸው» አለችኝ። ከቤቷ ወገቡ ቀጠን ያለ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ አመጣችልኝ። ሻይ በእነሱም «ቻይ» ነው። ውሃ ደግሞ «ሱ»። ብርጭቆውን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥ በሁለት ጣት አፉን ያዙት፤ እንደሚያውቁት ዕቃ። ጠጡ። ደገምኩላቸው። ማታ ላይ መዝገቡ ላይ 1 ሊትር ከ200 ሚሊ ሊትር ጽፌ ወጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ተመረቅኩ። አሁን ሌሎችን ለማሠልጠን የሚያበቃውን የ300 ሰዓት ኮርስ ጨርሻለሁ። ባለፈው ወር የመጀመሪያዋ ሠልጣኜ መጣች። ከቬትናም ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ሥራ ስነግራት ፈገግ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። «ያ፣ ያ» ትላለች። ድምጿን ሳውቀው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«እስቲ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። አቀረቀረች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ስለ ባዶው መዝገብ፣ ስለ «እሺ» ሁሉንም ነገርኳት። በእናንተ ቋንቋስ እንዴት ነው አልኳት። ትንሽ ትንሽ እያለች ነገረችኝ። ከዚያ ደብተር አወጣችና የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ።

«ሰባት ቁጥር ያሉት ሰውዬ ውሃ በምን ይወዳሉ?»