ሞተሩ አልዋሸም

አሮጌው ሲኤንሲ ቶርኖ፣ ብረት እያዞረ የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን፣ ጠዋት ጠዋት ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ያው ፕሮግራም፣ ያው መቁረጫ፣ ዘንጉ ወፍሮ ይወጣል። ስክሪኑ 40.00 ሚሊሜትር ይላል፤ ማይክሮሜትሩ 40.04። እኔም ኦፕሬተሩን ጠረጠርኩ። አለካክህን አስተካክል ብዬ ተቆጣሁት።

በማግስቱ ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካውን ዲያል ጌጅ አስሬ ሳየው ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ማሽኑ ሲሞቅ ክሮስ ስላይዱ (መቁረጫውን ወደ ዘንጉ የሚያስጠጋው ተንሸራታች) ከቦታው 0.02 ሚሊሜትር ይርቃል። ቶርኖ ላይ ደግሞ ዘንጉ እየዞረ ስለሚቆረጥ የስላይዱ ስህተት ዲያሜትሩ ላይ እጥፍ ይሆናል። ስላይዱ የት እንዳለ ለማሽኑ የሚነግረው ኤንኮደር ያለው ሞተሩ ጀርባ ነው፤ የሚቆጥረው የሞተሩን ዙር ብቻ። ስላይዱን የሚገፋው ረጅም ብሎን፣ ቦልስክሩው፣ በሙቀት መርዘሙን ከየት ይወቅ? 300 ሚሊሜትር ብረት በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ያችኑ 0.02 ያህል ይረዝማል።

ስለዚህ ስላይዱ ላይ ቦታውን በቀጥታ የሚያነብ የመስታወት ሊኒየር ስኬል ለመግጠም ወሰንን። የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። መያዣውን ሠርቶ ከስላይዱ ጉዞ ጋር ትይዩ ማድረጉ ብቻ ሁለት ቀን በላ። ኩላንትና ብናኝ እንዳይገባበት የጎማው መዝጊያ ወደ ታች ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ እኛ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ላይ አድርገን አስረነው ነበር!

ሰርቮውን፣ ስላይዱን የሚነዳውንና ቦታውን የሚያርመውን ክፍል፣ ስናበራ ስላይዱ ማንም ሳያዘው ተፈተለከ። እጄ ኢመርጀንሲ ስቶፑ ላይ ስለነበር ተረፍን፤ መቁረጫውንም ደግነቱ ቀድመን አውጥተነዋል። አቅጣጫውን የሚያስታውቁት የስኬሉ የኤ እና የቢ ሲግናል ገመዶች ቦታ ተለዋውጠዋል። ስላይዱ ወደ ፊት ሲሄድ ስኬሉ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሰርቮው ላርም ባለ ቁጥር ያባብሰዋል።

ገመዱን አስተካክለን የመጀመሪያውን ዘንግ ቆረጥን። ስላይዱ አቅጣጫ በቀየረበት ቦታ ሁሉ 0.06 ስህተት! ከድሮው ባሰ። ግማሽ ቀን ሙሉ ስኬሉን ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ከአጠገቤ የቆመው ወጣት ቴክኒሻን በቀስታ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የድሮው የባክላሽ ማካካሻ ወጥቷል?»

አልወጣም። ፓራሜትሩ ላይ 0.03 ተቀምጧል፤ ዲያሜትሩ ላይ 0.06 መሆኑ ነው። ከሞተሩ ኤንኮደር ጋር ስንሠራ የስክሩውን ልልነት የሚሸፍንልን እሱ ነበር። ስኬሉ ግን ስላይዱን ራሱን ያያል፤ ማካካሻው አሁን ትርፍ ነው። ዜሮ አደረግነው። ልኩ ገባ።

ስላይዱ ሲቆም ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። የስክሩው ልልነት እዚያው አለ፤ ሰርቮው አሁን ስለሚያየው ወዲያና ወዲህ ያሳድደዋል። ለጊዜው ጌኑን፣ ሰርቮው ለስህተት የሚሰጠውን ምላሽ ጉልበት፣ ቀነስን፤ የቦልስክሩው ነት ግን መቀየሩ አይቀርም።

ኦፕሬተሩን ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔማ ነግሬህ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው።