ሌንስ ከመግዛቴ በፊት ፎቶዎቼን ቆጠርኳቸው

ሰፊ ሌንስ፣ ማለትም ብዙ ቦታ በአንድ ፎቶ የሚያስገባ የካሜራ ሌንስ፣ ለመግዛት ብር ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። ደብረ ብርሃን ለሚኖር፣ የጣርማ በር ገደል ለሚቀርበው ሰው፣ ሰፊ ሌንስ ግድ ይመስላል። ገደሉን አይቶ፣ ጉሙ ከሥር ሲወጣ አይቶ፣ 18 ሚሊሜትር ይበቃል የሚል ማን አለ? (የሌንስ ቁጥር ሲያንስ እይታው ይሰፋል፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል።) እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው።

ብሩን ከማውጣቴ በፊት ግን የገዛ ፎቶዎቼን ልጠይቅ አልኩ። ዲጂታል ካሜራ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ኤግዚፍ ይባላል። ቀኑ፣ የሻተሩ ፍጥነት፣ ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደነበር፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አወረድኩ። የአራት ዓመት ፎቶዬን ሰጠሁትና የፋይሉን ስም፣ ቀኑንና ፎካል ሌንግዙን፣ ማለትም ያንን የሚሊሜትር ቁጥር፣ በሰንጠረዥ አወጣልኝ። ቆጠራውን ኤክሴል ጨረሰው። በቴሌግራም የመጡልኝ ፎቶዎች ግን ባዶ ነበሩ። በፎቶነት ሲላክ ማስታወሻው ይጠፋል፤ በፋይል መልክ ከተላከ አይነካም። ስለዚህ ከሚሞሪ የገለበጥኩትን ብቻ ያዝኩ። የስልክ ፎቶም ለብቻው ይሁን፤ የስልክ ሌንስ ትክክለኛ ቁጥሩ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ከካሜራው ጋር ሲቀላቀል ያሳስታል።

ግራፉ ላይ ሁለት ክምር ወጣ፤ 18 ላይና 250 ላይ። ሁለቱም የሌንሶቼ ጫፎች ናቸው። «ይኸው፣ ሰፊ ያስፈልገኛል» አልኩ።

ደግነቱ እዚያ አላቆምኩም። 18 ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አብዛኞቹ ሳላስብ ያነሳኋቸው ናቸው። ሌንሱን ከቦርሳ ሳወጣው 18 ላይ ነው የሚሆነው፤ እኔም ሳልነካው እጫናለሁ። ጥሩ ናቸው ብዬ የመረጥኳቸውን ብቻ ለይቼ ስቆጥር ያ ክምር ፈረሰ።

የ250ው ታሪክ ሌላ ነው። የመንዝ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መስለውኝ ነበር። ግን ጭላዳ ሣሩን እየነቀለ ሲበላ ሰው ብዙም አይሸሽም፤ 100 አካባቢ ይበቃዋል። ቁጥራቸውም የበዛው ሲጣሉ ጣቴን ሳላነሳ በተከታታይ ስለማነሳ ነው፤ አንዱን ጠብ እንደ አንድ ፎቶ መቁጠር ነበረብኝ። 250 ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ነው። ከሣሩ መሐል ነጥብ አክሎ ይታያል። ያ ክምር 250ን ስለወደድኩት የመጣ አይደለም፤ ሌንሱ ከዚያ በላይ አልሄድ ስላለኝ ነው። ይህን ልዩነት ቁጥሩ ብቻውን አይነግርም፤ ፎቶውን መክፈት ያስፈልጋል።

ከመረጥኳቸው ውስጥ የሚበዙት 35 አካባቢ ሆነው ተገኙ። በርኖስ የደረቡ የመንዝ አባቶች። ገበያ ውስጥ ገብስ የምትሰፍር እናት። እናቴ ቡና ስታፈላ። የእኔ ካሜራ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ከሙሉ ፍሬም ካሜራ ስለሚያንስ፣ ለማነጻጸር 35 በ1.6 ሲባዛ 56 ይሆናል፤ ለዓይናችን እይታ ቅርብ የሚባለው ከ50 ብዙም አይርቅም። አራት ዓመት ገደል የማነሳ ሲመስለኝ፣ ደህና አድርጌ ያነሳሁት ሰው ነው።

ሰፊውን ሌንስ ተውኩት። ዙሙን 35 ላይ በፕላስተር አጣብቄ ገበያ መሄድ ጀመርኩ። ከሩቅ መሳብ ስለማልችል መጠጋት አለብኝ። ሳላስፈቅድ ማንሳትም ቀረ። «ምን ልታደርገው ነው ልጄ?» ይሉኛል አባቶች። ቆሜ አስረዳቸዋለሁ፤ ያለፈውን ሳምንት ፎቶ አሳያቸዋለሁ። እሺ ካሉ በኋላ ነው የማነሳቸው።